የአያት ስም ካልገባ አይመዘግብም

በዘመናችን ከመጡት ነገሮች ሁሉ ለአብነት ትምህርት የሚቀርበው ኮምፒውተር ነው ስል ልጆቼ ይስቁብኛል። ሁለቱንም የቀመስኩ ግን እኔ ነኝ። ቅኔ ቤት ሳለሁ አንዲት ቃል ከቦታዋ ከተዛነፈች መምህሬ ቅኔውን እንዳለ ይመልሱብኝ ነበር፤ «ሂድና አቃንተህ ና» ከማለት በቀር ስሕተቱ የት እንዳለ እንኳ አይነግሩኝም። ከሃያ ዓመት በኋላ ወልቂጤ ላይ የመጀመሪያውን ፕሮግራሜን ጽፌ ሳበቃ ማሽኑ «ስሕተት አለ» ብሎ ዝም ሲለኝ፣ መምህሬ በሣጥን ተመስለው የመጡ መሰለኝ እንጂ አዲስ ነገር አልሆነብኝም። ልዩነቱ ማሽኑ አለመግረፉ ብቻ ነው።

የሶዶ ተወላጅ ነኝ። በልጅነቴ ዲቁና ተቀብዬ፣ ጎጃም ተሻግሬ ዜማና ቅኔ ተምሬ፣ ዘመናዊውን ትምህርት ጢም ካበቀልኩ በኋላ ጀመርኩ። መንግሥት ተለውጦ ዞንና ወረዳ እንደ አዲስ ሲደራጅ ወልቂጤ ውስጥ የሒሳብ መምህር ነበርኩ። ከተማዪቱ የዞን መቀመጫ ስትሆን ቢሮ በዛ፤ ቢሮ ሲበዛም ኮምፒውተር መጣ። ያን ጊዜ ኮምፒውተር የሚቀመጠው በኃላፊው ክፍል ነበር፤ ዳንቴል ለብሶ፣ ከላዩ የፕላስቲክ አበባ ተቀምጦበት። የሚያበራው ሰው ግን አልነበረም። «ሒሳብ የሚያውቅ ሰው ይህንንም አያጣውም» ተባለና ተጠራሁ። አበባውን አነሣሁ፣ ዳንቴሉን ገለጥሁ፤ ከዚያ ወዲህ መልሼ አልሸፈንኩትም።

የከተማው ሰው «መሪጌታ ኮምፒውተር» አለኝ። መሪጌታነት ያልደረስኩበት ማዕርግ ስለሆነ መጀመሪያ አፍሬ ነበር፤ ስሙ ሥራ እየጠራ ሲያመጣልኝ ሳይ ግን ዝም አልኩ። ለዚህ ንስሐ ገብቻለሁ።

ብዙ ዓመት በሙያው ከቆየሁ በኋላ የያዝኳቸው አቋሞች ጥቂት ናቸው፤ ግን በቀላሉ አልለቃቸውም። በበዓል ቀን ፕሮግራም አልጽፍም። በበዓል የተጻፈ ሥራ ሰኞ ዕለት ይበላሻል ብዬ አይደለም፤ ሳይበላሽ ሲቀር ነው ይበልጥ የሚከፋኝ። ጸሎት ስጀምር ስልኬን መስኮቱ ላይ በፊቱ ደፍቼ አስቀምጠዋለሁ፤ እሱም ያርፋል፣ እኔም አርፋለሁ። ወጣቶቹ ባለሙያዎች በየዓመቱ አዲስ የፕሮግራም ቋንቋ ሲይዙ አልነቅፋቸውም፤ ያምናውን ቋንቋ «የሞተ» ሲሉት ግን ቅር ይለኛል። ግእዝንም እንዲሁ ይሉታል፤ እኔ ግን በየማለዳው እሰማዋለሁ።

ስለ ሥራ ካስተማሩኝ ሁሉ የማልረሳው የወልቂጤን መብራት ነው። ሳይሰናበት ይሄዳል፤ አንተ ግማሽ ቀን የደከምክበትን ይዞ ይሄዳል። በየአምስት መስመሩ ሥራዬን ማስቀመጥ የለመድኩት በእርሱ ነው። ሰው ሞቱን እያሰበ እንዲኖር ከዐውደ ምሕረት ብዙ ጊዜ ሰምቼ ነበር፤ እጄ ላይ የገባው ግን ያኔ ነው።

ከአቋሞቼ ሁሉ የምኮራበት፣ በየስብሰባው ተነሥቼ የምናገረው አንድ ነበር። «ሰው ያደላል፤ ማሽን አያደላም፤ ስለዚህ ጥሩ ፕሮግራም ማለት ለማንም ፈቀቅ የማይል ነው» እል ነበር። ይጨበጨብልኝም ነበር። ይህን አቋም ቡታጅራ ላይ አንዲት እናት አስጣለችኝ።

ጊዜው መሥሪያ ቤት ሁሉ «ቢፒአር» የሚልበት ነው። ቃሉን የሚያብራራ ባለሙያ ባይጠፋም፣ ሰው በየግድግዳው ከተለጠፈው ሠንጠረዥ የተረዳው እያንዳንዱ አገልግሎት ደቂቃ የተቆረጠለት መሆኑን ብቻ ነበር። ያኔ ከወልቂጤ ወደ ቡታጅራ ተዛውረን ነበርና፣ ከከተማው የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አንዱ የተማሪ መመዝገቢያ ፕሮግራም እንድሠራለት ጠየቀኝ። በሠንጠረዡ ላይ አንድ ተማሪ ለመመዝገብ የተፈቀደው ሰባት ደቂቃ ነው።

ትምህርት ቤቱ አንድ ችግር ነበረበት። በአንድ ክፍል ውስጥ በስምም በአባት ስምም አንድ የሆኑ ሦስት ልጆች ይገኛሉ፤ የአንዱ ውጤት ለሌላው ይሰጣል፤ ሰነፉ ተሸልሞ ጎበዙ ይደግማል። እኔም መድኃኒቱን አዘዝኩ፤ የአያት ስም ካልገባ ፕሮግራሙ አይመዘግብም። ቦታው ባዶ ከተተወ ማሽኑ ይጮኻል፤ በቀይ ፊደልም «የአያት ስም አልገባም» ይላል። ሌላም ጨመርኩ፤ የምዝገባው ሳምንት ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ሲሞላ ምዝገባው በራሱ ይዘጋል፤ ለምኖ የሚያስከፍተው አይኖርም። ይህ ሁሉ በጽሑፍ ጸደቀ። «ያለ ደብዳቤ ምንም ማሻሻያ አይደረግም» የሚለውን ዓረፍተ ነገር በመመሪያው ላይ ያጻፍኩትም እኔው ነኝ።

ከዕንቁጣጣሽ በኋላ ባለው ሳምንት ምዝገባው ተጀመረ። የመዝገብ ቤቱን ሥራ የያዙት በእኔ ዕድሜ የሚገኙ ሙስሊም ሴት ነበሩ፤ ሁላችንም «እትዬ» እንላቸዋለን። በሁለት ጣት ብቻ ይጻፉ እንጂ የማይሳሳቱ ሰው ነበሩ። አራት ቀን ሙሉ አንድም አቤቱታ ስላልደረሰኝ በመጨረሻው ዓርብ ጠዋት የሥራዬን ፍሬ ለማየት፣ እውነቱን ለመናገር ለመመስገን፣ ወደ ትምህርት ቤቱ ሄድኩ።

መስኮቱ ፊት የተሰለፉት ሁሉም እናቶች ናቸው። የአገራችን ወንድ ገሚሱ የሚነግደው አዲስ አበባ ነው፤ ቤቱንና ልጆቹን ለሚስቱና ለአባቱ ትቶ ይሄዳል፤ ክርስቲያኑ ለመስቀል፣ ሙስሊሙ ለዓረፋ ይመለሳል። ይህን አውቅ ነበር። አውቄም አላሰብኩበትም።

ተራው የአንዲት ልጅ እግር እናት ሆነ። ከእንሴኖ መንገድ ገባ ብሎ ካለ ቀበሌ የመጣች ክርስቲያን ናት፤ የዓመት በዓል ሹሩባዋ ገና ያልተፈታ የሰባት ዓመት ሴት ልጇን በእጇ ይዛለች።

«የልጅቷ ስም?» አሉ እትዬ። ነገረቻቸው።

«የአባት?» ይህንም ነጠላዋን ወደ አፏ ጠጋ አድርጋ ነገረቻቸው።

«የአያት?»

ዝም አለች። እትዬ ቀና እንኳ ሳይሉ መጻፋቸውን ቀጠሉ። እኔ ከኋላቸው ቆሜ መነጽሬን አስተካከልኩ።

«ይቆዩ እትዬ፤ እሷ ገና አልተናገረችም። ምን እየጻፉ ነው?»

«ስም ነዋ።»

«የማን ስም?»

«የአባቴ።»

«የእርስዎ አባት?»

«አላህ ይዘንለትና፣ አዎ። ምን ላድርግ መሪጌታ? ማሽንዎ ይጮኻል፤ ግድግዳው ሰባት ደቂቃ ይላል፤ ሴቶቹ ዝም ይላሉ። ስም ካልበላ አያልፍም፤ የማውቀውን አበላሁት።»

«ስንት ልጅ ላይ?»

እትዬ ጣታቸውን አንድ ሁለት ብለው ቆጠሩና ተዉት። «ሰኞ ጥቂት ነበሩ። ከማክሰኞ ወዲህ ወላሂ አልቆጠርኩም።»

መክተቢያውን ሳብ አድርጌ በዚያ ስም ፈለግሁ። የኮምፒውተሩ መስታወት ሞላ፤ ገጹን ገለጥሁ፤ ሁለተኛውም ሞላ። የዘንድሮ አዲስ ተማሪዎች ገሚሱ የአንድ ሼህ፣ የእትዬ አባት፣ የልጅ ልጆች ሆነዋል። ባለፈው እሑድ ሲቆርቡ ያየኋቸው ልጆች ሳይቀሩ በዚያው ዘር ተቆጥረዋል።

ወሬው በመስኮቱ ወጥቶ ሰልፉን አዳረሰው። «ሼሁ ብርቱ ሰው ነበሩ ማለት ነው!» አለች አንዷ። «እንኪያስ ዘመድ ከሆንን ለዓረፋ ጥሩን እንጂ!» አለች ሌላዪቱ። እትዬም በሳቅ ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

ያቺ እናት ብቻ አልሳቀችም። «እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች። «የሌላ ሰው አያት ለልጄ አይጻፍባት። አያቷ በሕይወት አሉ። ነገ ቢሰሙ ምን ብዬ ዓይናቸውን አያለሁ?»

«መልካም ብለሻል» አልኳት፤ እውነት የምትወድ ሰው ስላገኘሁ ደስ ብሎኝ። «በይ ስማቸውን ንገሪን።»

ነጠላዋን እንደገና ወደ አፏ ሳበች።

«አታውቂውም?»

ሰልፉ እንደገና ሳቀ። በእሷ የሳቁ መስሎኝ ነበር፤ የሳቁት በእኔ ነው።

«ታውቀዋለች» አሉ እትዬ።

«ታዲያ ለምን አትናገረውም?»

«አትናገረውማ!»

ያኔ ገባኝ። በአገራችን ምራት ከተዳረችበት ቀን ጀምሮ የባሏን አባት በስሙ አትጠራም፤ ክርስቲያንም ትሁን ሙስሊም። በዚያ ስም የሚጠራ ሌላ ሰው ቢያጋጥማት እንኳ ለእሱም ሌላ ስም ታወጣለታለች። ይህን በልጅነቴ ሰምቼዋለሁ። ቀርቷል ብዬ ግን አስብ ነበር፤ ወንድ ስለሆንኩ፣ መቅረት አለመቅረቱን የሚያስመረምረኝ ነገር አልገጠመኝም። እንግዲህ የልጇ አያት ማለት የባሏ አባት ነው፤ የእኔ ፕሮግራም በዚያ መስኮት የሚያልፉትን እናቶች ሁሉ ያንኑ አንድ የማይጠሩትን ስም እንዲጠሩ ሲጠይቃቸው ነበር የሰነበተው።

ወደ ሕፃኗ ጎንበስ አልኩ። «እስቲ አንቺ ንገሪኝ፤ አያትሽ ማን ይባላል?»

«አባባ!» አለች፤ ያለ አንዳች ጥርጥር።

ከሰልፉ የእነሱን ቀበሌ የሚያውቅ ተፈለገ፤ አልተገኘም። ባሏ አዲስ አበባ ስልክ ስለሌለው በጎረቤቱ ሱቅ ስልክ ተደወለ፤ «ዕቃ ሊያመጣ ወጥቷል» ተባለ።

«አባቴ» አለችኝ እናቲቱ ወደ መስኮቱ ጠጋ ብላ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፤ «አምና ‹ለከርሞ› ተብላ ቀረች። ዘንድሮ ካልገባች አዲስ አበባ አክስቷ ዘንድ ሕፃን እንድትይዝ ይልኳታል። ‹ከተመዘገበች ትማር፤ ካልተመዘገበች ትሂድ› ብለውኛል።»

«ማን ነው ያለሽ?»

«እሳቸው» አለች፤ በአገጯ ወደ እንሴኖ አቅጣጫ እያመለከተች።

ልቤ ራርቷል፤ አቋሜ ግን አልራራም። «ልጄ፣ ሕግ ነው። ለአንቺ ከተውኩ ለሁሉም መተው ይኖርብኛል» አልኳት።

«ለሁሉም ቢተዉስ?» አለች። ስትሟገት አልነበረም፤ ለማወቅ ነው የጠየቀችኝ። ሰዓቴን አየሁና የምሳ ሰዓት ደርሷል አልኩ። «ስሙን የሚጠራልሽ ሰው ፈልገሽ ከሰዓት ነይ።»

ዓርብ የምሳ ሰዓት ይረዝማል። ጾም ስለሆነ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቀመስ ባይኖርም ጫማዬን አውልቄ ላርፍ ወደ ቤት ሄድኩ። ሚስቴ በረንዳ ላይ ተቀምጣ ጎመን ትቀነጥሳለች።

«አንዲት ልጅ እግር ሥራዬን አቆመችው» አልኳት። «የባሏን አባት ስም አልጠራም አለች። በዚህ ዘመን!»

«እና?»

«እናማ ኋላ ቀርነት ነው። አንቺ ለምሳሌ የአባቴን ስም...» ብዬ ጀመርኩና ቆምኩ። ቀና አላለችም። «እስቲ የአባቴን ስም ጥሪው።»

«ያንን ሰፌድ አቀብለኝ።»

«ጥሪው እንጂ!»

«ሰውዬ፣ ጾም ነው፤ አታናግረኝ።»

ሠላሳ ዓመት አብረን ኖረናል። ትዝታዬን ሁሉ አገላበጥኩ። አባቴ በሕይወት ሳሉ «ጌታዬ» ትላቸው ነበር። ሲሞቱ ሙሾ ስታወርድ እንኳ ጀግንነታቸውን፣ ደግነታቸውን፣ በሬዎቻቸውን ሳይቀር ጠርታ ስማቸውን አልጠራችም። ሠላሳ ዓመት በቤቴ ውስጥ ያለውን ያላየሁ ሰው ለከተማ መዝገብ ሕግ አወጣለሁ።

«ወልቂጤ ልጆቻችንን ትምህርት ቤት ያስመዘገብሻቸው አንቺ አይደለሽ?» አልኳት። «ያኔ የአያት ስም ሲሉሽ ምን አልሽ?»

«ምን እላለሁ? ጸሐፊው ‹አባትየው ሲመጣ ይሞላዋል› ብሎ ባዶ ተወው። አባትየው ደግሞ ሦስት ዓመት አልመጣም፤ ኮምፒውተር ይማር ነበር።»

አስታወስኩ። በታላቁ ልጄ ካርድ ላይ የአያት ስም ባዶ ሆኖ ባገኘሁት ጊዜ እዚያው ትምህርት ቤት ድረስ ሄጄ ጸሐፊውን በሥራው ቸልተኛ ነህ ብዬ ተቆጥቼው ነበር። እሱ ብዕሩን አንሥቶ የአባቴን ስም ጠየቀኝ፤ ጻፈው፤ አመሰገነኝ። ቸልተኛ አልነበረም። የሴቶቹን ዝምታ እንደ ጉድለት ሳይቆጥር የሚያልፍ፣ ቦታውንም ለሚሞላው ሰው የሚያቆይ ሠራተኛ ነበር። እኔ በሠራሁት መዝገብ ግን ዝም ማለት የተከለከለ ስለሆነ፣ መዝገቡ በአራት ቀን ሐሰት ሰብስቦ ሞላ። ከወረቀት ወደ ማሽን ስንሻገር የምንጥለው ብዙውን ጊዜ እንዲህ ያለው ነገር ነው፤ ማንም ጽፎ ያላስተማረው፣ በአንድ ጸሐፊ ጭንቅላት ውስጥ የሚኖር ጨዋነት።

ጫማዬን መልሼ አጠለቅሁ።

ትምህርት ቤት ስደርስ እትዬ ብቻቸውን ነበሩ። «ሄደች» አሉኝ። «‹ስሙን የሚጠራ ሰው ከቀበሌ ላምጣ› ብላ ወደ መናኸሪያ ወረደች። ሄዳ እስክትመለስ ግን ማሽንዎ ይዘጋባታል።»

በዚያ ዕድሜዬ መሮጥ አይገባኝም ነበር፤ ሮጥኩ። የእንሴኖው ሚኒባስ አንድ ሰው ጎድሎት ቆሟል፤ ሽበታሙ ተራ አስከባሪ በሩን ይዞ «እንሴኖ! አንድ ሰው! አንድ ሰው!» ይላል። ሲያየኝ ፊቱ በራ።

«መሪጌታ ኮምፒውተር! ይግቡ፣ በእርስዎ ሞላ!»

«ላወርድ ነው የመጣሁ፤ ያቺን እናትና ልጇን።»

«ሁለት ሰው? መሪጌታ፣ ምን በደልንዎት? አንድ የጎደለው ሦስት ጎደለው እኮ!»

«እግዚአብሔር ይሙላልህ።»

«እሱማ ይሞላል፤ እርስዎ ያጎድላሉ እንጂ!» አለና ራሱ እጇን ይዞ ሕፃኗን አወረዳት።

ስንመለስ ርዕሰ መምህሩ መዝገብ ቤቱ በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ፕሮግራሙን ላሻሽለው እንደሆነ ስነግራቸው መመሪያውን አንሥተው አሳዩኝ። «ያለ ደብዳቤ ምንም ማሻሻያ አይደረግም ያሉት እርስዎ ነዎት፣ መሪጌታ።»

«ደብዳቤው ለማን ነው የሚጻፈው?»

«ለእኔ።»

«ወረቀት ይስጡኝ።»

ቆሜ ጻፍኩት። «ጉዳዩ፦ በሠራሁት ፕሮግራም ላይ ያለውን የራሴን ስሕተት ስለማረም» አልኩ። ርዕሰ መምህሩ ሁለት ጊዜ አነበቡት፤ በቢሯቸው እንዲህ ያለ ርዕስ ያለው ደብዳቤ ገብቶ እንደማያውቅ ተናገሩ፤ ፈረሙበት፤ ማኅተም አደረጉበት። አሥራ አንድ ሰዓት አልፏል። ከማሽኑ ፊት ተቀመጥኩ። ስለ አያት ስም የደነገግኩት ሕግ ሁሉ በሁለት መስመር ውስጥ ነበር፤ ሁለቱንም አጠፋኋቸው። በምትካቸው ባዶ ቦታ ሲያገኝ ሳይጮህ «አባት ሲመጣ ይሞላል» የሚል ቃል ጽፎ የሚያልፍ ሌላ ሁለት መስመር አስገባሁ። በበርካታ ዓመት ሥራዬ ከዚያ ያጠረ፣ ከዚያ የተሻለ ነገር አልጻፍኩም።

እትዬ በሁለት ጣታቸው የሕፃኗን ስም፣ የአባቷን ስም አስገቡ። የአያት ቦታ ላይ ሲደርሱ እጃቸውን አነሡ። ማሽኑ ዝም አለ፤ መዘገባት።

«አሁን እሷ ተማሪ ናት?» አለች እናቲቱ።

«ተማሪ ናት።»

ሕፃኗን ከመሬት ብድግ አድርጋ ሳመቻት፤ ከዚያ እኛን ማመስገን ረስታ ወጣች። እንደዚያ ስትወጣ ማየት ከምስጋና ይበልጥ ደስ አለኝ።

ቅዳሜን ከእትዬ ጋር የሼሁን የልጅ ልጆች ስናጣራ ዋልን። የሌላውን ሰው ልጅ ሁሉ አንድ በአንድ ከእሳቸው እየለየን ቦታውን ባዶ አደረግን። በስተመጨረሻ በእውነት የሼሁ የልጅ ልጅ የሆነ አንድ ልጅ ብቻ ቀረ፤ የእትዬ የወንድማቸው ልጅ። «አላህ ይዘንለት» አሉ እትዬ መስታወቱን እያዩ፤ «አራት ቀን ሰፊ ቤተሰብ ነበረው።»

የመስቀል ሰሞን ከተማው በአባቶች ሞላ። ከአዲስ አበባ የመጡት ነጋዴዎች በየመጠጥ ቤቱ ከመቀመጣቸው በፊት መዝገብ ቤቱ በር ላይ እየተሰለፉ ባዶውን ሞሉ፤ ሙስሊሞቹም በበኩላቸው በዓረፋ ሞሉት። የዚያች ሕፃን አባት ግን ለበዓሉ አገሩ ቢገባም መዝገብ ቤት አልመጣም፤ የመጡት አያቷ ራሳቸው ናቸው። ቁመተ ረጅም፣ ከዘራ የያዙ ሽማግሌ፤ ምራታቸውና ሕፃኗ ከኋላቸው።

«ስሜን የሚፈልገው ይህ ነው?» አሉ በከዘራቸው ወደ ኮምፒውተሩ እየጠቆሙ።

«ይኸው ነው አባባ» አሉ እትዬ።

ምራቲቱ ወዲያው ከበሩ ወጥታ ከግድግዳው ኋላ ቆመች። ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠርገው ስማቸውን ሙሉ በሙሉ፣ ከነአባታቸውና ከነአያታቸው ተናገሩ። እትዬ ጻፉት። ከዚያ ሽማግሌው የመጡበትን ሌላውን ጉዳይ አወጡ።

«እንግዲህ ስሙ ገብቷል። ‹ከተመዘገበች ትማር› ማለቴን አልረሳሁም። ልጅቱን ግን ልጄ ነገ ሲመለስ አዲስ አበባ ይዟት ይሄዳል፤ እኅቱ ወልዳለች፤ ሕፃን ያዥ የላትም። ቦታዋ ለከርሞ ይቆይላት።»

ከግድግዳው ኋላ ያለው የነጠላ ጫፍ ወደ በሩ ጠጋ ሲል ይታየኛል። እትዬ ቀደሙኝ።

«ይችላሉ አባባ። ግን ይወቁት፤ ስምዎ አሁን ማሽኑ ውስጥ ገብቷል። ልጅቱ ከክፍል ስትቀር ማሽኑ የሚጠራው እርስዎን ነው።»

«እኔን?»

«በስምዎ። በየሰኞው የቀሩት ልጆች በአያታቸው ስም ይጻፉና በሩ ላይ ይለጠፋሉ።»

ሽማግሌው ወደ እኔ ዞሩ። «እውነት ነው መሪጌታ?»

እንዲህ ያለ ነገር በፕሮግራሜ ውስጥ አልነበረም። እትዬ ዓይናቸውን ጣሪያው ላይ ተክለዋል። ሐሰት መናገር አልችልም፤ እውነቱን ብናገር ደግሞ ሕፃኗ ነገ መኪና ላይ ናት።

«ከመጪው ሰኞ ጀምሮ፣ አባቴ» አልኳቸው። በዚያችው ቅጽበት ወስኜ ስለነበር እውነት ነበር።

ሽማግሌው ከዘራቸውን መሬት ላይ አሽከረከሩ። «ቡታጅራ መካከል፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ ስሜ በቀሪ ይጠራ?»

«እንግዲህ ማሽን ነው፤ አያፍርም» አሉ እትዬ።

ኮምፒውተሩን ከላይ እስከ ታች አዩት። በስተመጨረሻ ወደ በሩ ዞረው፣ ማንንም በስም ሳይጠሩ፣ «እኅቱ ሌላ ሰው ትፈልግ። ልጅቱ ትማር» አሉ። የነጠላው ጫፍ ከግድግዳው ኋላ ጠፋ።

ቃሌ ሐሰት እንዳይሆን ያን ሳምንት ሙሉ ሠራሁ። ሰኞ ጠዋት የመጀመሪያው ዝርዝር በሩ ላይ ተለጠፈ፤ ልጅ የቀረባቸው አያቶች ስም በትልልቅ ፊደል። በከተማው ውስጥ ይህን ያህል ያስጮኸ ወረቀት አልጻፍኩም፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ከቀሩት ልጆች ብዙዎቹ ተመለሱ። ሽማግሌው ፊደል አያውቁም ነበርና በገበያ ቀን ወደ ከተማ በወጡ ቁጥር ወረቀቱ ፊት ቆመው እትዬን ያስጠራሉ።

«አለሁበት?»

«የሉበትም አባባ።»

«ደግ» ይሉና ወደ ገበያቸው ይሄዳሉ።